ዶለርስሃይም፡ ነዋሪዎቿን ያጣች የኦስትሪያ የገጠር ማዘጋጃ ቤት

ዶለርስሃይም በኦስትሪያ ሪፐብሊክ ሰሜናዊ ክፍል፣ በታችኛው ኦስትሪያ ክልል፣ በትስቬትል አውራጃ የምትገኝ የቀድሞ የገጠር ማዘጋጃ ቤት ናት። እስከ 1938 ድረስ የራሷ ምክር ቤት፣ ደብርና ገበያ የነበራት ስትሆን፣ በዚያው ዓመት ኦስትሪያ ወደ ናዚ ጀርመን ከተቀላቀለች በኋላ ለጦር ሠራዊት የልምምድ ቦታ እንድትሆን ተወስኖ ሕዝቧ እንዲነሣ ተደርጓል። ከእርሷ ጋር 42 የሚሆኑ መንደሮች ባዶ የቀሩ ሲሆን፣ ወደ 7 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከመኖሪያቸው ተፈናቅለዋል። ጦርነቱ አብቅቶ ሰላም ከሰፈነ በኋላም ነዋሪዎቹ ወደ ቀያቸው አልተመለሱም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዶለርስሃይም ስም በውጭው ዓለም በይበልጥ የሚነሣው ከአዶልፍ ሂትለር የዘር ሐረግ ጋር በተያያዘ ነው። ይሁን እንጂ የአካባቢው ታሪክ ከዚህ የሰፋ ነው። አንድ መንግሥት መሬትን ለሕዝብ ጥቅም በሚል በሕግ ሲወስድ፣ መንግሥታት ሲለዋወጡና የመሬቱ ባለቤትነት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በነባሩ ነዋሪ ላይ ምን እንደሚደርስ የሚያሳይ መሆኑ የአስተዳደርና የሕግ ባለሙያዎችን ትኩረት ይስባል።

መልክዓ ምድራዊ አቀማመጥ

ታችኛው ኦስትሪያ ከጥንት ጀምሮ በአራት ክፍሎች ተከፍሎ የሚታወቅ ሲሆን፣ ዶለርስሃይም የምትገኘው በሰሜን ምዕራቡ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ቫልድፊርተል ይባላል፤ ትርጓሜውም የጫካው ሩብ ማለት ነው። በደቡብ የዳኑብ ወንዝ፣ በምዕራብ የላይኛው ኦስትሪያ ክልል፣ በሰሜን የቼክ ሪፐብሊክ፣ በምሥራቅ ደግሞ የማንሃርትስበርግ ኮረብታ ያዋስኑታል። ዋና ከተማዋ ቪየና ከአካባቢው በስተደቡብ ምሥራቅ ትገኛለች።

ቫልድፊርተል የቦሔሚያ ጥንታዊ የድንጋይ ምድር አካል የሆነ ደጋማ አምባ ነው። ግራናይትና ናይስ የተባሉት ጠንካራ ዐለቶች መሠረቱ ሲሆኑ፣ በዶለርስሃይም ዙሪያ ያለው መሬት በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ500 እስከ 600 ሜትር ከፍታ አለው። ገጽታው ዝግ ብለው ከፍና ዝቅ የሚሉ ኮረብታዎች፣ የጥድ ደኖች፣ ረግረጋማ ሜዳዎችና ኩሬዎች የሚፈራረቁበት ነው። በስተደቡብ የካምፕ ወንዝ ጥልቅ ሸለቆ ቆርጦ ወደ ዳኑብ ይወርዳል። በዚህ ሸለቆ ላይ በ1950ዎቹ ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ የተገነባው የኦተንሽታይን ግድብ የፈጠረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ከቀድሞዋ መንደር በስተደቡብ ይገኛል።

የአየር ጠባዩ ለአካባቢው ገበሬ ፈታኝ ነበር። ክረምቱ ረጅምና ቀዝቃዛ ነው፤ ሰብል የሚያድግበት ወቅት አጭር ነው፤ አፈሩም ስስና ድንጋያማ ነው። በዚህ ምክንያት ስንዴና ወይን በሚበቅሉባቸው የዳኑብ አቅራቢያ አካባቢዎች የሚታየው ብልጽግና ወደዚህ አልደረሰም። ገበሬዎቹ ቅዝቃዜን የሚችሉ ሰብሎችን፣ በተለይም አጃና ራይ የተባለውን እህል፣ ድንችና ተልባ ያመርቱ ነበር። ከተልባው ጭረት ክር ፈትለው ጨርቅ መሸመን የረጅሙ ክረምት ሥራ ነበር። በኩሬዎች ካርፕ የተባለውን ዓሣ ማርባትና ከደን እንጨት ማውጣትም ተጨማሪ ገቢ ያስገኙ ነበር።

አመሠራረትና ዕድገት

አካባቢው በሰው የሰፈረው በዋነኛነት በመካከለኛው ዘመን ነው። በ12ኛው ምዕተ ዓመት የኩዌንሪንግ ቤተሰብ በመባል የሚታወቁት መሳፍንት ደኑን እያስመነጠሩ ሰፋሪዎችን ያመጡ ሲሆን፣ በ1137 እና በ1138 የተመሠረተው የትስቬትል የሲስተርሲያን መነኮሳት ገዳምም ለሰፈራው ዋነኛ ማዕከል ሆኗል። ዶለርስሃይምም በጽሑፍ መዛግብት ላይ መታየት የጀመረችው በዚሁ በ12ኛው ምዕተ ዓመት ነው። በቅዱሳን ጴጥሮስና ጳውሎስ ስም የተሠራው ደብሯ ከሮማንስክ የግንባታ ዘመን የመነጨ ሲሆን፣ በኋላ ዘመናት ሲታደስና ሲጨመርበት ቆይቷል።

መንደሪቱ ከጊዜ በኋላ የገበያ መንደርነት ማዕረግ አገኘች። ይህ ማዕረግ በኦስትሪያ ሥርዓት ከተራ መንደር ከፍ ያለና ከከተማ ዝቅ ያለ ደረጃ ሲሆን፣ ገበያ የማቆም መብትን ያስገኛል። በመሆኑም በዙሪያዋ ያሉ ትናንሽ መንደሮች ለንግድ፣ ለጥምቀት፣ ለጋብቻና ለቀብር ወደ ዶለርስሃይም ይመጡ ነበር።

እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ገበሬው በባላባት ሥር የሚተዳደር ገባር ነበር። በ1848 ከተነሣው አብዮት በኋላ በመስከረም ወር የወጣው ሕግ ገባርነትን አስቀረ። ለባላባቱ ከሚገባው የካሣ ግምት አንድ ሦስተኛውን ገበሬው፣ አንድ ሦስተኛውን መንግሥት እንዲከፍሉ፣ ቀሪውን አንድ ሦስተኛ ባላባቱ እንዲተው ተወሰነ። በቀጣዩ ዓመት በመጋቢት ወር የወጣው ጊዜያዊ የማዘጋጃ ቤቶች ሕግ ደግሞ መንደሮች የራሳቸውን ተወካዮች መርጠው የአካባቢያቸውን ጉዳይ እንዲያስተዳድሩ መሠረት ጣለ። በጀርመንኛ ጌማይንደ የሚባለውና በኦስትሪያ የመንግሥት አወቃቀር ዝቅተኛው የተመረጠ አስተዳደር የሆነው ማዘጋጃ ቤት የተወለደው ከዚህ ሕግ ነው። ስያሜው ከተሜነትን አያመለክትም፤ ጥቂት መቶ ገበሬዎች የሚኖሩባቸው የገጠር መንደሮችም የራሳቸው ማዘጋጃ ቤት ነበራቸው።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ1817 በወጣው የመሬት ግብር ድንጋጌ መሠረት እያንዳንዱ ማሳ ተለክቶ በካርታና በመዝገብ ሰፍሮ ነበር። የካዳስተር መዝገብ የሚባለው ይህ ሥራ አገሪቱን በካዳስተር ቀበሌዎች የከፋፈለ ሲሆን፣ ዶለርስሃይምም አንዷ ሆና ተመዘገበች። ይህ መዝገብ ከመንደሪቱ ዕድሜ በላይ መቆየቱ በኋላ እንደሚታየው የታሪኩ አንድ ክፍል ነው።

የደብሩ መዝገብና የሂትለር የዘር ሐረግ

በዶለርስሃይም ደብር ሥር ከነበሩት መንደሮች አንዷ ሽትሮንስ ትባል ነበር። ሰኔ 7 ቀን 1837 ማሪያ አና ሺክልግሩበር የተባለች ያላገባች የመንደሪቱ ተወላጅ አሎይስ የተባለ ወንድ ልጅ ወለደች። ሽትሮንስ የራሷ ደብር ስላልነበራት ሕፃኑ በዶለርስሃይም ተጠመቀ፤ በመዝገቡም ላይ የአባት ስም የሚሰፍርበት ቦታ ባዶ ተተወ። እናቱ በ1842 ዮሐን ጌዎርግ ሂድለር የተባለ ሰው በዚያው በዶለርስሃይም አገባች፤ በ1847 ዓረፈች።

አሎይስ አድጎ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የጉምሩክ ሠራተኛ ሆነ። በ1876 ዕድሜው 39 ዓመት ሲሆን ሟቹ ዮሐን ጌዎርግ አባቱ እንደሆነ በምስክሮች ቃል ተረጋግጦ የዶለርስሃይም ቄስ የጥምቀት መዝገቡን አስተካከሉ። የቤተሰቡ ስም በዚህ ጊዜ ሂትለር ተብሎ ተጻፈ። የአሎይስ ልጅ አዶልፍ በ1889 በብራውናው ከተማ ተወለደ።

ይህ ታሪክ ከጦርነቱ በኋላ አንድ የተስፋፋ ትረካ አስከትሏል። ትረካው ሂትለር የአያቶቹን አገር በመድፍ ያስወደመው የዘር ሐረጉን ማስረጃ ለማጥፋት ነው የሚል ነው። ተጨባጭ ሁኔታው ግን ይህን አይደግፍም። የደብሩ መዝገብ አልጠፋም፤ እስከ ዛሬም ይገኛል። የናዚ መንግሥት በበኩሉ ቫልድፊርተልን የመሪው የአያቶች አገር እያለ በይፋ ያወድስ ነበር። አብዛኞቹ ሕንፃዎችም ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት እንደፈራረሱ ይታወቃል። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት ወታደራዊ ነበር።

የ1938ቱ ውሳኔ

የጀርመን ጦር መጋቢት 12 ቀን 1938 ወደ ኦስትሪያ ገባ፤ በማግሥቱም አገሪቱ የጀርመን አካል እንድትሆን የሚደነግግ ሕግ ወጣ። ሠራዊቱ በአዲሱ ግዛት ሰፊ የልምምድ ቦታ ፈለገ። በትስቬትል፣ በአለንትሽታይግና በዶለርስሃይም መካከል ያለው ምድር ለዚህ ተመራጭ ሆነ። ሕዝቡ በሌሎች አካባቢዎች ከሚገኘው ያነሰ ነበር፤ መሬቱ ለእርሻ ለም አልነበረም፤ ኮረብታውና ደኑ ለልምምድ ይመች ነበር፤ ከቪየና ወደ ቦሔሚያ የሚወስደው የፍራንዝ ዮሴፍ የባቡር መስመር በአጠገቡ ያልፋል፤ በዚያ ዓመት ከፍተኛ ውጥረት የነበረበት የቼኮዝሎቫኪያ ድንበርም ሩቅ አልነበረም።

ለሥራው ሕጋዊ መሠረት የነበረው ለጦር ሠራዊት አገልግሎት የሚውል መሬት ስለሚገኝበት ሁኔታ በጀርመን በመጋቢት ወር 1935 የወጣው ሕግ ነው። ይዞታዎችን የመግዛትና ነዋሪዎችን በሌላ ቦታ የማስፈር ኃላፊነት ለጀርመን የሰፈራ ኩባንያ ተሰጠ። የመጀመሪያዎቹ መንደሮች ትእዛዙን በ1938 በጋ ሰምተው በነሐሴ ወር መልቀቅ ነበረባቸው። ወቅቱ ሰብል የሚሰበሰብበት በመሆኑ ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን፣ የእርሻ መሣሪያዎቻቸውንና የቤት ዕቃቸውን አዘጋጅተው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንዲወጡ ተገደዱ። ቀሪዎቹ መንደሮች እስከ 1942 ድረስ በየደረጃው ተነሡ። በአጠቃላይ 190 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መሬት በሠራዊቱ እጅ ገባ።

ካሣው ለሁሉም እኩል አልነበረም። ቀድመው የተነሡት የይዞታቸው ግምት ተከፍሏቸው ሌላ እርሻ ለመግዛት ዕድል አገኙ። ለአንዳንዶቹ ኩባንያው ያስረከባቸው እርሻ ከአይሁዳውያን ባለቤቶች በግፍ የተወሰደ ነበር። ዘግይተው የተነሡት በበኩላቸው በገበያ ላይ የሚሸጥ እርሻ ስላጡ ገንዘባቸው በባንክ ተቀመጠ። አንዱ ተፈናቃይ በሌላው ተበዳይ ቤት እንዲገባ፣ ሌላው ደግሞ በእጁ መሬት ሳይሆን የሒሳብ ደብተር ብቻ እንዲይዝ የተደረገበት ይህ አሠራር ከጦርነቱ በኋላ ለተነሡት ክርክሮች ምንጭ ሆኗል።

ነዋሪ የሌለበት ምክር ቤት ሊኖር ስለማይችል የማዘጋጃ ቤቶቹም ሕጋዊ ህልውና አበቃ። አካባቢው በጦር ሠራዊቱ የሚተዳደር ልዩ የይዞታ ክልል ሆኖ፣ የልምምድ ቦታው በዶለርስሃይም ስም ተጠራ። በጦርነቱ ዓመታት በተነሡት መንደሮች አካባቢ፣ በኤደልባክ፣ ለተማረኩ የፈረንሳይ መኮንኖች የእስረኞች ካምፕ ተቋቁሞ ነበር። ከእስረኞቹ መካከል ታዋቂው የሒሳብ ሊቅ ዣን ለሬ ይገኝበት የነበረ ሲሆን፣ በካምፑ ውስጥ ለእስረኞች የከፍተኛ ትምህርት መርሐ ግብር መርቷል። በመስከረም 1943 ከ100 በላይ የሆኑ መኮንኖች በቆፈሩት የምድር ውስጥ መተላለፊያ ያመለጡ ቢሆንም አብዛኞቹ ተመልሰው ተይዘዋል።

ከጦርነቱ በኋላ

በግንቦት 1945 ጦርነቱ ሲያበቃ ቫልድፊርተል በሶቪየት ኅብረት ጦር ቁጥጥር ሥር ዋለ። በወቅቱ የብዙ መንደሮች ቤቶች ገና ቆመው ስለነበር ተፈናቃዮቹ የመመለስ ተስፋ ነበራቸው። ሆኖም ቦታው የጀርመን ሠራዊት ንብረት የነበረ በመሆኑ ሶቪየት ኅብረት የጀርመን ሀብት ነው በሚል ያዘችው፤ ለራሷ ሠራዊት ልምምድም አዋለችው። በእነዚህ 10 ዓመታት ባዶዎቹ ቤቶች ለተኩስ ዒላማነት ዋሉ፤ የጣሪያ ክዳናቸው፣ እንጨታቸውና ጡባቸውም እየተነቀለ ለሌላ ግንባታ ተወሰደ። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የግንባታ ዕቃ እጥረት እንደነበር ይታወሳል።

ግንቦት 15 ቀን 1955 በቪየና የተፈረመው የኦስትሪያ የመንግሥት ስምምነት ለአገሪቱ ሙሉ ነጻነትን መለሰ። የስምምነቱ 22ኛ አንቀጽ በሶቪየት ኅብረት እጅ የነበረው የቀድሞ የጀርመን ሀብት ለኦስትሪያ ሪፐብሊክ እንዲተላለፍ ደነገገ። በዚህም የልምምድ ቦታው የሪፐብሊኩ ንብረት ሆነ። በ1957 አዲሱ የኦስትሪያ ጦር ተረክቦት በአቅራቢያው ባለችው ከተማ ስም የአለንትሽታይግ የልምምድ ቦታ ብሎ ሰየመው።

የተፈናቃዮቹ ጥያቄ በዚህ ጊዜ ከባድ የሕግ እንቅፋት ገጠመው። ኦስትሪያ ከ1946 ጀምሮ በናዚ ዘመን የተነጠቀ ንብረት የሚመለስባቸውን ሕጎች አውጥታ ነበር። የዶለርስሃይም ገበሬዎች ግን መሬታቸውን በሽያጭ ውል አስተላልፈው ዋጋ ተቀብለዋል የሚል መከራከሪያ ቀረበባቸው። ገበሬዎቹ በበኩላቸው የፈረሙት ምርጫ ስላልነበራቸው መሆኑንና የተከፈላቸው ገንዘብ ዋጋ ማጣቱን ያስረዱ ነበር። በእርግጥም በ1945 እና በ1947 በተደረጉት የገንዘብ ለውጦች በባንክ የተቀመጠው ካሣ አብዛኛውን የመግዛት አቅሙን አጥቷል። ከአይሁዳውያን የተወሰደ እርሻ የተሰጣቸው ሰፋሪዎች ደግሞ ለትክክለኛዎቹ ባለቤቶች እንዲመልሱ ስለተደረገ ለሁለተኛ ጊዜ ቤት አልባ የሆኑ ነበሩ። በዳርቻው ያለ የተወሰነ መሬት ከልምምድ ቦታው ውጭ ቢደረግም ዋናው ክፍል፣ ዶለርስሃይምን ጨምሮ፣ በሠራዊቱ እጅ ቀረ።

ዛሬ ያለችበት ሁኔታ

የአለንትሽታይግ የልምምድ ቦታ በአሁኑ ጊዜ 157 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ በኦስትሪያ ትልቁ የጦር ሠራዊት የልምምድ ቦታ ነው። በአስተዳደር ረገድ መሬቱ ለአጎራባች ማዘጋጃ ቤቶች ተከፋፍሏል። ዶለርስሃይም የተጨመረችው በዚያው አውራጃ ወደምትገኘው ወደ ፖላ ማዘጋጃ ቤት ነው።

በታችኛው ኦስትሪያ ማዘጋጃ ቤቶች መጥፋታቸው በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተካሄደው የአስተዳደር ማሻሻያ ከ1 ሺህ 600 በላይ የነበሩት የክልሉ ማዘጋጃ ቤቶች ተዋሕደው ከ600 በታች ሆነዋል። በዚህ መንገድ የተዋሐዱት መንደሮች ግን ምክር ቤታቸውን ለጎረቤት ቢያስረክቡም ሕዝባቸው በቦታው ቀርቷል። ዶለርስሃይም የምትለየው አስቀድሞ ሕዝቡ ጠፍቶ፣ አስተዳደሩ በኋላ በመከተሉ ነው።

በመንደሪቱ የቀረው ዋነኛ ቅርስ የደብሩ ፍርስራሽና የመቃብር ስፍራው ነው። በ1980ዎቹ ግድግዳዎቹ ተጠግነው ከመፍረስ እንዲድኑ የተደረገ ሲሆን፣ ስፍራው ለጎብኚዎች ተከፍቷል። የሙታን መታሰቢያ በሆነው በኅዳር 2 ቀን በየዓመቱ በሚደረገው ሥርዓተ ጸሎት ተፈናቃዮችና ዘሮቻቸው ሲሰባሰቡ ቆይተዋል። ሌላው አካባቢ ያልፈነዱ ተተኳሾች ስላሉበትና ልምምድ ስለሚካሄድበት ለሕዝብ ዝግ ነው።

እርሻና ግንባታ ለብዙ አሥርት ዓመታት ባለመኖሩ ምድሩ ለዱር እንስሳት መጠለያ ሆኗል። አካባቢው የአውሮፓ ኅብረት ናቱራ 2000 በተባለው የጥበቃ መረብ ውስጥ የተካተተ ሲሆን፣ በ2016 ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦስትሪያ ምድር የተኩላ መንጋ ግልገሎች ያፈራው በዚሁ የልምምድ ቦታ ነው።

ከታሪኩ የሚወሰድ ግንዛቤ

የዶለርስሃይም ታሪክ ለመሬት አስተዳደርና ለካሣ ሥራ ሦስት ቁም ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው፣ ካሣ በወረቀት ላይ የሰፈረ አኃዝ ብቻ ከሆነ የገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ መሆኑ ነው፤ ምትክ መሬት ያገኘና ገንዘብ ብቻ የተቀበለ ተፈናቃይ ዕጣቸው የተለያየ ሆኗል። ሁለተኛው፣ ለምትክ የሚሰጠው ይዞታ ራሱ ከግፍ የጸዳ ካልሆነ ችግሩን ወደ ሌላ ጊዜ ከማሸጋገር ያለፈ ፋይዳ የማይኖረው መሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ በመንግሥታት መካከል የሚደረግ የንብረት ርክክብ የነባር ባለይዞታዎችን ጥያቄ ለይቶ ካልያዘ፣ ሕገ ወጥነቱ በማያከራክር ሥርዓት የተጀመረ ድርጊት በሕጋዊ ሥርዓት ሥርም ጸንቶ የሚቀጥል መሆኑ ነው።

ዶለርስሃይም ዛሬ ቋሚ ነዋሪ የላትም፤ ከንቲባም አትመርጥም። ስሟ ግን በፖላ ማዘጋጃ ቤት ሥር በካዳስተር ቀበሌነት ተመዝግቦ ይገኛል።